ላብ የማይደርቅበት ቀን

ከአገር ቤት የሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ ሰላምታው እንዳለቀ ወደ አንድ ጥያቄ ይሄዳል፦ «ዛሬ ስንት ዲግሪ ገባ?» 47 ስል ወዲያ ማዶ «ያ አላህ!» ይባላል። 38 ያልኩ ቀን ግን «እንዲያማ ከሆነ ተሽሏል» ብለው ይጽናናሉ። እኔ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች፣ ራስ አል ኸይማ ውስጥ ኤሲ ጠጋኝ ነኝ፤ የሥራ ቦታዬ ጣሪያ ላይ ነው፤ ከሁለቱ ቀኖች የምፈራው 38ቱን ነው። ስለ ምድር መሞቅ የሚወራው ሁሉ ለእኔ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ዛሬ በደንብ ልጻፈው።

47 የሚገባው ነፋሱ ከበረሃው በኩል ሲመጣ ነው። አየሩ ደረቅ ነው። ፊት ይለበልባል፣ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ የኤሲውን ቆርቆሮ ያለ ጓንት መንካት አይታሰብም። ላብህ ግን ከቆዳህ ገና ብቅ ሲል ይተናል። ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ጀርባው ላይ ነጭ ጨው ደርቆ አገኛለሁ እንጂ እርጥብ አይሆንም። ውሃ ቶሎ ቶሎ እየጠጣሁ፣ ጥላ እየፈለግሁ ሥራዬን እጨርሳለሁ።

በነሐሴ ነፋሱ ከባሕር ሲዞር ሌላ ነው። ከመኪና እንደወረድኩ መነጽሬ በጉም ይሸፈናል። ደረጃውን ወጥቼ ጣሪያው ላይ ሳልደርስ ሸሚዜ ይጨመቃል። ላቡ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም፤ በክንዴ ወርዶ ካቻቢቴውን ከእጄ ያሟልጨዋል፣ ከአገጬ ኮምፕረሰሩ ላይ ይንጠባጠባል። ጥላ ብገባም ለውጥ የለውም። ትንሽ ቆይቶ የልቤ ምት ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል፣ የትኛውን ሽቦ እንደፈታሁ ይጠፋኛል። ያኔ ሥራውን ጥሎ መውረድ ነው። ሳይወርዱ ቀርተው ሰው ተሸክሞ ያወረዳቸውን አይቻለሁ።

በሙያችን ይህን የሚለይ መሣሪያ አለ፤ ሳይክሮሜትር ይባላል። ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ቴርሞሜትሮች ናቸው። የአንደኛው ጫፍ ባዶውን ነው፤ የሁለተኛው ጫፍ በጥጥ ጨርቅ ይጠቀለልና በንጹህ ውሃ ይርሳል። እጀታውን ይዘህ እንደ ወንጭፍ ታዞረዋለህ። ከጨርቁ የሚተነው ውሃ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ እርጥቡ ከደረቁ ዝቅ ብሎ ይቆማል። አየሩ በእርጥበት ከጠገበ ግን ጨርቁ አልደርቅ ይላል፣ ሁለቱም ቁጥሮች ይቀራረባሉ። ኤሲ ውስጥ የገባው ጋዝ ልክ መሆኑን የምናየው በዚህ ንባብ ነው፤ እኔ ግን ጣሪያ ላይም ይዤው እወጣለሁ። በበረሃው ነፋስ ቀን ደረቁ 47፣ እርጥቡ 25 ነበር። በወበቁ ቀን ደረቁ 38፣ እርጥቡ 32። ስልካችን የሚያሳየን የደረቁን ነው። በላብ የሚቀዘቅዝ ገላ የሚያውቀው ግን የእርጥቡን ነው።

ለአንድ ክፍል ስንት ቶን ኤሲ (ቶን የማቀዝቀዝ አቅሙ መለኪያ ነው) እንደሚበቃ ስንተምን «ስንት ሰው ይቀመጥበታል?» ብለን እንጠይቃለን፤ ሰው ራሱ ሙቀት አመንጪ ነውና። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ገደማ ያወጣል፤ የሚቆፍር ወይም የሚሸከም ሰው ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ። ይህ ሙቀት ከሰውነት ካልወጣ ውስጥ ይከማቻል። ውስጣችን 37 ዲግሪ፣ ቆዳችን 35 ገደማ ነው። ስለዚህ እርጥቡ ቴርሞሜትር 35 ከደረሰ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ተዘጋ። በፈረንጆቹ 2010 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በእነሱ አቆጣጠር ነው) ስቲቨን ሸርውድና ማቲው ሂዩበር የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ይህን የሰው ልጅ የመቋቋም ጣሪያ አድርገው አስቀመጡት። ጤነኛ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ነፋስ እየነፈሰለት፣ የፈለገውን ያህል ውሃ ቢጠጣ እንኳ በዚያ ሙቀት የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው። በ2022 ደግሞ በአሜሪካ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወጣትና ጤነኛ ሰዎችን ክፍል ውስጥ አስገብተው ቀላል እንቅስቃሴ እያሠሩ ሲለኩ፣ ሰውነታቸው ሙቀቱን መቆጣጠር የተሳነው 35 ሳይደርስ፣ 31 ገደማ ላይ ነው። እነዚያ ወጣቶች ናቸው። አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የልብ ሕመምተኛ ሲሆን ከዚያም ዝቅ ይላል።

ይህ ስለ ሩቅ ዘመን የሚወራ ቢመስል እኔም ባልጻፍኩት። በ2020 የወጣ አንድ ጥናት የዓለምን የአየር ጣቢያዎች መዝገብ ሲያገላብጥ እርጥቡ 35ን አልፎ የተገኘባቸው ጥቂት ቦታዎች ነበሩ፤ አንዱ የፓኪስታኗ ጃኮባባድ፣ ሌላው የምኖርባት ራስ አል ኸይማ። የቆየው ለአንድና ሁለት ሰዓት ቢሆንም ደርሷል። በሱዳን ተወልደው በአሜሪካው ኤምአይቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ኤልፋቲህ ኤልታሂር ከባልደረባቸው ጋር በ2016 ባሳተሙት ሥራ፣ ምድርን የሚያሞቀው የጋዝ ልቀት በነበረበት ከቀጠለ ዱባይ፣ አቡዳቢ፣ ዶሃ፣ ዳህራንና ባንዳር አባስ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያን ጣሪያ አልፎ አልፎ ይሻገራሉ ብለዋል። የእኛ ልጆች ለእንጀራ ተሰድደው የሚኖሩት እነዚህ ከተሞች ውስጥ ነው።

አብረውኝ የሚኖሩ ልጆች «ዓለም ልታልፍ ነው» ይላሉ። እኔ የሚያሳስበኝ የምድር ማለፍ አይደለም። ምድር ከዚህ የባሰ ሙቀት ታውቃለች፤ ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊት 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሞቃ ተመልሳ በርዳለች። ግን ያ የሆነው በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ነው፣ ያኔም ጎመንና ስንዴ ዘርቶ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። አሁን ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን 280 የነበረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን 420ን አልፏል፤ 2024 ደግሞ ከዚያ ዘመን አማካይ ከ1.5 ዲግሪ በላይ የሞቀ የመጀመሪያው ዓመት ሆኗል። የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፦ ልቀቱ ሙሉ በሙሉ ቢቆም ሙቀቱ መጨመሩን ያቆማል እንጂ ወደ ድሮው ለመመለስ ዘመናት ይፈጅበታል። የተለቀቀው ጋዝ ከፊሉ ከሺህ ዓመት በኋላም አየር ላይ ነው። እንግዲህ የምንወስነው ለልጅ ልጆቻችን ብቻ አይደለም።

«ኤሲ አለ አይደል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ኤሲ እኮ እንጀራዬ ነው፤ የሚያደርገውንም የማያደርገውንም አውቃለሁ። ኤሲ ብርድ አይፈጥርም። ከክፍሉ ያወጣውን ሙቀት፣ ሞተሩ የበላውን ኤሌክትሪክ ጨምሮ ወደ ውጭ ይተፋዋል። በሁለት ፎቆች መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ አሥር ኮንደንሰር (ውጭ የሚቀመጠው የኤሲው ክፍል) ተደርድሮ ሲሠራ መሐሉ መቆም አይቻልም። በአሪዞናዋ ፊኒክስ ከተማ በተሠራ ጥናት የኤሲዎቹ ትፋት ብቻውን የሌሊቱን ሙቀት በአንዳንድ ሰፈሮች ከ1 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ማሽኑም ሥጋ ለባሽ ባይሆንም የራሱ ጣሪያ አለው። ውጭው በጣም ሲግል ውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት ይጨምራል፣ ኮምፕረሰሩ ራሱን ለማዳን ይጠፋል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ሰው ኤሲውን እጅግ በሚፈልገው ሰዓት ነው። የዚያን ቀን ስልኬ አያርፍም። አንድ ቪላ ቤት ኤሲው በቆመ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሳሎኑ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው፣ ከተማን ሙሉ በዚህ ማሽን ላይ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ደግሞ ጥሪው ሲደራረብ የሳሎኑ ይቀድማል። ጣሪያ ላይ ያለችው የሠራተኛዋ ክፍል «ነገ ትታያለች» ትባላለች። እኔ ሳሎኑን ስጨርስ ሳልጠየቅ ወደዚያች ክፍል እወጣለሁ፤ እህቶቻችን ናቸው የሚተኙባት።

ስለ ጋዙም አንድ ነገር ልበል፤ የሙያ አጋሮቼ ይህን የምታነቡ ካላችሁ በተለይ ለእናንተ ነው። ብዙዎቻችን የምንሞላው አር 410 ኤ፣ ኪሎ ለኪሎ ሲነጻጸር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 ጊዜ ያህል የከፋ አሟቂ ነው። አሮጌ ማሽን ሲነሳ ቱቦውን ቆርጦ ጋዙን «ፍስስ» ማድረግ ልማድ ሆኗል። በ2016 ኪጋሊ ላይ አገሮች የተስማሙት እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ነው፤ ውሉ በትክክል ከተፈጸመ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ እስከ ግማሽ ዲግሪ ሙቀት ያስቀራል ተብሎ ይገመታል። ግማሽ ዲግሪ! ከጋዙ የተወሰነው የሚያልፈው በእኛ እጅ ነው። ወደ ሲሊንደር መልሶ መሳብ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

እዚህ አገር ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት ክልክል ነው። ሕጉ ብዙ ሰው አድኗል፣ አመሰግነዋለሁ። ግን የሚያየው ሰዓት ነው። የባሕሩ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሲገባ የእርጥቡ ቴርሞሜትር ቁጥር ሲወጣ አያለሁ፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሁሉም ወደ ሥራ ተመልሷል። ኳታር ከ2021 ጀምሮ እርጥበቱን፣ ፀሐዩንና አየሩን አንድ ላይ የሚለካ ቁጥር 32.1 ሲያልፍ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን የውጭ ሥራ ይቁም ብላለች። ሌሎቹም ይህን ቢከተሉ ነው የምለው።

አገር ቤት ስመጣ ደግሞ ሌላ ነው። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ደጋና ቆላ በአንድ ቀን መንገድ የሚገናኙበት አገር። ከፍታ 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አየሩ 1 ዲግሪ ሞቀ ማለት ቆላው 150 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣ ማለት ነው። በደብረ ዘይት አካባቢ ከተሰበሰበ የወባ መዝገብ በ2014 የታተመው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ በሞቃት ዓመት ወባው ከፍ ወዳሉት ቀበሌዎች ይወጣል። ከፍታችን ትልቅ በረከት ነው፣ አብዛኛው ሕዝባችን እርጥቡ 35 ይደርሳል ብሎ የሚሰጋበት አገር ላይ አይኖርም። ደጋው ግን ለሁሉም አይበቃም። መሬት ያጣ ወጣት ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም፤ አንዱ በአፋር በረሃ አቋርጦ የጅቡቲዋ ኦቦክ፣ ከዚያ የመን፤ ሌላው በክረምት ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ወደ መተማ ሊወርድ ነው። «ወንድም ጋሼ፣ የአንተን ያህልማ አይሞቅም» ይለኛል። ክረምት ነው፣ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ሰሊጡ መሐል ነፋስ የለም፣ ጎንበስ ብሎ ማረም ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። የነገርኩት ይህን ነው፦ በሙቀት የሚሞት ሠራተኛ አብዛኛው የሚሞተው ሥራ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው፣ ገላ ሙቀትን ለመልመድ ሳምንትና ሁለት ሳምንት ስለሚፈልግ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሙሉ ሥራውን 20 በመቶ ብቻ ይሥራ፣ በየቀኑ 20 በመቶ ይጨመርለት ይላሉ። በሠራው ልክ የሚከፈለው የቀን ሠራተኛ ይህን ራሱ ማድረግ አይችልም፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሳምንት ገንዘብ ለትራንስፖርት የተበደረውን መክፈያ ነው። ማድረግ የሚችለው ባለ እርሻው ነው። ዘንድሮ ሠራተኛ የምታስወርዱ ባለሀብቶች፣ ከደጋ ለመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሽ ቀን አሠርታችሁ የሙሉ ቀን ክፈሉት፤ ውሃውን ካምፕ ሳይሆን አረሙ ያለበት ድረስ አድርሱለት፤ ንግግሩ የተምታታበትን ልጅ ደግሞ «ሰነፍ» ሳትሉ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስተኝታችሁ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ ወደ ጤና ጣቢያም ላኩት።