ጭቃው እስኪቦካ

እግሬን ሁለት ጊዜ ታጥቤም ጥፍሮቼ ሥር ጭቃ አለ። ሳልተኛ ይህን ልጻፍ።

ዛሬ ወደ ማኅበራችን አዲስ በጎ ፈቃደኞች ተቀበልን። አሥራ አራት ናቸው። አብዛኞቹ የ12ኛ ክፍል ፈተና ጨርሰው ውጤት የሚጠብቁ። እዚሁ ጎንደር ከማራኪ፣ ከአራዳ፣ ሁለቱ ደግሞ ከአዘዞ ድረስ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ስላደረ ማንም አይመጣም ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁሉም መጡ።

ዘንድሮ አቀባበሉን ለእኔ ስጡኝ ብዬ የለመንኩት በምክንያት ነው። አምና አዳራሽ ውስጥ ወንበር ደርድረን ተቀበልናቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ደንቡና ስለ ኮሚቴው አወራንላቸው። ለስላሳ ጠጡ፣ ፎርም ሞሉ፣ ፎቶ ተነሡ። በሳምንቱ ግማሾቹ ቀሩ። «የዘንድሮ ልጅ ሥራ አይወድም» ተባለ። እኔ ይሄን አልቀበልም። ሥራ መቼ ሰጠናቸውና?

የራሴን የመጀመሪያ ቀን አልረሳውም። የከተራ ዕለት ነበር፣ ጥር 10። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ እየወረዱ ነው። ሰደርያ አልብሰው «እዚህ ቁም» ብለውኝ ሄዱ። አንድ አባት የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። የልጁ ከንፈር ደርቋል፣ አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። «ልጄ፣ የሕክምናው ድንኳን በየት በኩል ነው?» አሉኝ። አላውቅም። ሰዉ ግጥም ብሏል፣ የምጠይቀውም የለም። ሰደርያዬን አይተው፣ አምነውኝ ነው የመጡት። ሌላ ሰው እስኪያሳያቸው ድረስ ፊታቸው ላይ የነበረው ጭንቀት እስካሁን ይታየኛል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው፤ ከየአገሩ ሰው ይመጣል። ያን ሁሉ ሕዝብ እንዲያስተናግድ ለቆመ ልጅ ድንኳኑን ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ወንበር የለም። አንድ አዲስ ከአንድ ነባር ጋር ጥንድ ጥንድ አደረግናቸውና በቀጥታ ከቁስቋም በታች ወዳሉ አንዲት እናት ቤት ወረድን። የቤታቸው ምርጊት ረግፎ ማገሩ ወጥቷል። አፈር ቆፈርን፣ የጤፍ ጭድ በተንን፣ ውሃ አፈሰስን። ከዚያ መርገጥ ነው። ጭቃ በተረገጠበት ቀን አይመረግም፤ ቀናት አድሮ መቡካት አለበት። ያልቦካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

አንዲት ልጅ ዳር ላይ ቆማ ቀረች። ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋለች፣ አዲስ ነው መሰለኝ። ልጠራት አስቤ ሳመነታ እማማ ቀደሙኝ። «የኔ ዓለም፣ ስምሽ ማነው?» አሏት። ነገረቻቸው። «በይ ጫማሽን አምጪው» ብለው ተቀበሏት፣ በፌስታል ጠቀለሉና መደባቸው ላይ አስቀመጡላት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በስሟ እየጠሩ ሲያዟት ዋሉ። ውሃ አምጪ፣ ይቺን ያዢ፣ ና በይው ያን ልጅ። እሷም ጉልበቷ ድረስ ገብታ ስትረግጥ ዋለች። እኔ በሁለት ሰዓት ንግግር ያልቻልኩትን እማማ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት።

ሌላው ልጅ ደግሞ ደም መስጠት እፈልጋለሁ አለኝ። 17 ዓመቱ ነው። ደም ለመስጠት 18 መሙላት፣ ክብደትም ቢያንስ 45 ኪሎ መሆን አለበት። ፊቱ ቅር ሲለው አየሁ። እንዲህ ያለ ልጅ «ገና ነህ» ተብሎ ከተሸኘ አይመለስም። ደም በምናሰባስብበት ቀን መዝጋቢ እንዲሆን፣ ሰጥተው የሚወጡትንም እያሳረፈ ሻይ እንዲያቀርብ ተነጋገርን። ለጀማሪ ብቻውን መቀመጡም ያስፈራልና፣ አጠገባቸው ሆኖ የሚያጫውት ሰው በጣም ያስፈልገናል።

ማታ ደብተሬ ላይ ስማቸውን ጻፍኩ። አሥራ አንዱን ያለ ስህተት ያዝኩ። ሦስቱን ነገ ጠይቄ አሟላለሁ።

ስንለያይ ጭቃውን በሸራ ሸፈንነው። ረቡዕ ተመልሶ ይረገጣል። ያቺ ልጅ ጫማዋን ከእማማ ተቀብላ በባዶ እግሯ ቆማ «ረቡዕ ማነው የሚረግጠው?» አለችኝ። ከነባሮቹ ሁለት ሦስት ሰው እንመጣለን አልኳት።

«እኔም አለሁ» አለች። «ነጠላ ጫማ አድርጌ እመጣለሁ።»