ዝናቡ እንዴት ነው አባ?

ስደት ላይ ያለን ሰዎች ወደ ቤት ስንደውል እውነቱን የሚነግረን የለም። "ደህና ነን፣ ሁሉም ሰላም ነው" ይሉናል። እናት ሐኪም ቤት ተኝታም "ደህና ነን" ነው። መርዶ ሳይቀር ዓመት ቆይቶ ነው የሚደርሰን። እኛም ያው ነን፤ ሥራ ያጣሁ ሰሞን እኔም "ደህና ነኝ፣ አታስቡ" ነበር የምለው።

አባ የማይደብቁኝ ነገር ቢኖር የዝናቡ ወሬ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቃቸው እሱን ነው።

ቤተሰቦቼ ያሉት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ቀኑ ሲገለጥ የጮቄ ተራራ ከሚታይበት ገጠር ነው። እኔ እንግሊዝ አገር ሊድስ ነኝ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። የመጀመሪያው ዓመቴ በኛ አቆጣጠር 2007 ነበር። ሰኔ 24 ቀን ለንደን ሂትሮው ላይ ሙቀቱ 36.7 ዲግሪ ገባና አገሩ ሁሉ ጉድ አለ። ከዚያ በኋላ ግን ያ በጋ የሚሉት ነገር ተበላሸ። ብርድ፣ ካፊያ፣ ነፋስ። ሐምሌን በሙሉ ካፖርቴን አላወለቅሁም።

እዚያ የምንጦራቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጓሮው ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት የዝናብ መለኪያ ተክለው በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያነቡ ነበር። እግራቸው እየደከመ ሲሄድ እኔን ይልኩኝ ጀመር። መጀመሪያ ቀን ቆሜ ከላይ አንብቤ ብነግራቸው አልተቀበሉኝም። ዝቅ በይ አሉኝ፤ ዓይንሽ ከውኃው እኩል ይሁን። ውኃው ዳር ዳሩ ላይ ወደ መስተዋቱ ይሳባል፣ መሀሉ ጎድጎድ ይላል፣ የሚነበበው መሀሉ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት መሆኑንም ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። እኔም ደብተር ገዛሁ። "ረቡዕ፣ 14 ዲግሪ፣ ካፊያ። ሐሙስ፣ ፀሐይ ብልጭ ብላ ጠፋች፣ ከሰዓት ዶፍ። ዓርብ፣ ሲያንጠባጥብ ዋለ።"

በዚያው ክረምት ኢትዮጵያ ውስጥ ዝናቡ ቀረ። ኤልኒኞ ነው፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከልኩ በላይ ሲሞቅ የኛ ክረምት ይሳሳል። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። የከፋው ወደ ምሥራቁና ወደ ሰሜን ምሥራቁ እንጂ ጎጃም አልነበረም፤ ግን አባም "ዘንድሮ ሰማዩ አላማረኝም" ይሉኝ ነበር። እኔ ዝናብ ሰልችቶኝ ጫማዬ እንኳ ሳይደርቅ፣ እሳቸው ደመና ይጠብቃሉ። ለሁለታችንም ደብተሩ ላይ እጽፍ ጀመር፤ በግራ ሊድስ፣ በቀኝ የአባ ወሬ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አባ ደህና ሲሆኑ ወሬያቸው ሌላ ነው። "ማታ ዶፍ ጣለ፣ ጨሞጋ ሞልቶ የሰው ከብት ማዶ አደረ፣ ጮቄ ጉሙን እንደለበሰ ነው።" ወጥተው አይተዋል ማለት ነው። በ2010 ሰኔ ግን ስደውል "ዘንቧል ይላሉ" አሉኝ።

"ጉሙስ አባ?"

"አለ ይላሉ ልጆቹ።"

በሚቀጥለውም ሳምንት "ይላሉ"። በሦስተኛው ጊዜ ስልኩን ዘግቼ ለወንድሜ ደወልኩ። አባ ከአልጋ አይነሱም አይደል? አልኩት። ዝም አለ። ወገባቸውን ታመው ከተኙ ወር አልፏቸው ነበር።

ሐምሌ ላይ ገባሁ። የዝናብ መለኪያዬን በነጠላ ጠቅልዬ ነው የሄድኩት፣ ትንሽ ቴርሞሜትርም ይዣለሁ። ጣራውም ባሕር ዛፉም እንዳያንጠባጥቡበት ከሁለቱም ራቅ አድርጌ ድንቹ ማሳ ዳር ተከልኩት። ሰኞ ሐምሌ 9 ጠዋት ጮቄ ጥርት ብሎ ታየ። ስምንት ሰዓት ላይ ደመነ፣ ዘጠኝ ላይ ነጎድጓድ፣ በማግስቱ ሳነብ 19 ሚሊ ሜትር። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ጉም፣ እኩለ ቀን ላይ 16 ዲግሪ። ረቡዕ ካፊያ፣ ጭቃ፣ ጭስ፣ ሁላችንም እሳት ዳር። እንግሊዝ ያሉ ጓደኞቼ በዚያው ሳምንት ሣሩ ደርቆ ገለባ የመሰለ ፎቶ ይልኩልኛል፤ ያ ዓመት እዚያ ከታዩት ሞቃት በጋዎች አንዱ ነበር።

አባ ጋቢያቸውን ለብሰው መደብ ላይ ይቀመጣሉ፣ ደግፈን ነው የምናወጣቸው። ቁጥሩን ስነግራቸው ይሰሙኛል፣ ከዚያ "እስቲ አፈሩን አምጪው" ይላሉ። ከማሳው ቆፍሬ አንድ እፍኝ አመጣላቸዋለሁ። ጨብጠው ይለቁታል፣ በአውራ ጣታቸው ያሹታል፣ ያሸቱታል። "ላዩን ነው የራሰው፣ ለጤፉ ገና ነው።" ይህንን የኔ ቁጥር አይነግረኝም ነበር። እሱንም ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ የሚካኤል ለት፣ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ሲጮህ እርስ በርስ አንሰማማም። ሲያባራ ሮጬ ብወጣ መለኪያው አፉ ድረስ በረዶ ሞልቶታል። በረዶ ደግሞ ካልቀለጠ አይለካም። እሳት ዳር ላስቀምጠው ስል ፕላስቲኩ ይጠማዘዛል ብዬ ፈራሁ። አባ "ወዲህ በይው" አሉና በሁለት መዳፋቸው ያዙት። ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው ሆዳቸው ላይ አደረጉት። ይበርድዎታል ብላቸው አልሰሙኝም። የገብሱን ነገር እያሰቡ ዝም ብለው ቆዩ። ሲቀልጥ አወጡትና ወደ ደጁ ብርሃን ከፍ አደረጉት።

"ስንት ይላል?"

"መሀሉን ይዩ አባ፣ ዳሩን አይደለም።"

ዓይናቸውን አጥብበው ረጅም ጊዜ አዩ። "ዐሥራ አራት" አሉ። እኔም አየሁት፣ ዐሥራ አራት ነበር።

ስመለስ መለኪያውን እዚያው ተውኩት። ነሐሴ ላይ፣ የቡሄ ማግስት፣ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ደወልኩ። ሊድስ እያካፋ ነበር።

"ዝናቡ እንዴት ነው አባ?"

"ሃያ ሁለት።"

"ማን አነበበው?"

"ማን ያነባል? በትሬን ይዤ ወጣሁ እንጂ። መሀሉን ነው ያየሁት።"