ቢያትሪስ የገለበጠችው ደብተር

ትናንት ማታ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ሳነብ አመሸሁ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ከመቅደላ በኋላ በ7 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1868 በዋይት ደሴት፣ ኦስቦርን በሚባለው ቤታቸው ተቀበሉት። ስለ እሱም በዕለት ማስታወሻቸው ጻፉ። ዛሬ የሚነበበው ገጽ ግን የእሳቸው የእጅ ጽሑፍ አይደለም። የመጨረሻ ልጃቸው ልዕልት ቢያትሪስ የገለበጠችው ነው። ዋናውን አቃጥላዋለች።

ይሄ እንቅልፍ ነሳኝ። እኔም ማታ ማታ ደብተሬ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ። በጣም ተናደድኩባት። ሕይወቷን ማንበብ የጀመርኩት በዚያው ንዴት ነው።

ቪክቶሪያ አምስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ ቪኪ በ17 ዓመቷ ለፕራሻ ልዑል ተዳረች። አሊስም ወደ ጀርመን ሄደች፤ እዚያ ልጆቿን ስታስታምም ዲፍቴሪያ ይዟት በ35 ዓመቷ ሞተች። ሉዊዝ ቀራፂ ሆነች፤ የሠራችው የእናቷ ሐውልት ዛሬም ለንደን፣ ኬንሲንግተን ቤተ መንግሥት ደጅ ላይ አለ። ሄለናም በጊዜዋ አገባች። ቢያትሪስ እናቷ ጋ ቀረች።

አባቷ ሲሞት 4 ዓመቷ ነበር። እናቷ ከዚያ ወዲያ ሐዘናቸውን አላወለቁም። ይቺን ትንሿን ልጅ የሙጥኝ አሉ። አድጋም «ሕፃኗ» ነበረች። እሷ ባለችበት ስለ ጋብቻ እንዳይወራ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ጸሐፊያቸውም ጓደኛቸውም እሷው ሆነች።

በ27 ዓመቷ ሄንሪ የሚባል የባተንበርግ ልዑል ወደደች። ለእናቷ ስትነግራቸው አኮረፉ። ወራት ሙሉ ቃል አልተነፈሱላትም። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው በብጣሽ ወረቀት ነበር የሚነጋገሩት። እዚህ ቦታ ላይ ደጋግሜ ቆምኩ። የእናት ኩርፊያ ያለበትን ቤት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማንኪያው ድምፅ እንኳ ያስጨንቃል።

በመጨረሻ ፈቀዱ። ግን ባልና ሚስቱ ከእሳቸው ጋር እንዲኖሩ ነው። በ1885 ተጋቡ። አራት ልጆች ወለዱ። ሄንሪ ዛሬ ጋና በሚባለው አገር ወደ አሻንቲ ዘመቻ ሄዶ ወባ ይዞት በ1896 ሞተ። ቢያትሪስ በ38 ዓመቷ መበለት ሆና አሁንም እናቷ አጠገብ ነበረች።

ንግሥቲቱ በ1901 ሲሞቱ ማስታወሻውን በአደራ የተቀበለችው እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጀባት። ለሌላ ዓይን አይሆንም ያለችውን እያስቀረች 111 ደብተር በእጇ ገለበጠች። የገለበጠችውን ዋና ደብተር እሳት ውስጥ ትከታለች።

ዛሬ ጠዋት ንዴቴ የለም። ታሪክ ብዙ ነገር አጥቷል፤ ይሄንን አሁንም እላለሁ። ግን እናቷ ከሞቱም በኋላ ሠላሳ ዓመት የእሳቸውን ቃል ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። የራሷን ቀን መቼ ጻፈች?

የዓለማየሁን ገጽ መልሼ አሰብኩት። አባቱን በሕፃንነቱ ያጣ ልጅ ነው። እሱ ኦስቦርን ሲደርስ እሷ 11 ዓመቷ ነበር፤ እሷም አባት አልነበራትም። ከስንት ዓመት በኋላ፣ እሱ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድሰር ከተቀበረ ቆይቶ፣ ስሙን በእጇ ስትገለብጥ ብዕሯን አሳርፋ ይሆን?