የያሪሴን ታይሚንግ ቼን ስቀይር ያሳሳተኝ ቀለም

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከሥራ ባልቀረሁ ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ብርዱ የሚታወቅ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት የመኪና መስታወት አመዳይ ለብሶ ያድራል። ያሪሴ ዋን ኤንዜድ ሞተር ያለው ሲሆን በየቀኑ አዲሱ ገበያ ወርጄ ሰው እያመላለስኩ የምተዳደርበት ነው። ባለፈው ኅዳር ጠዋት ሳስነሳው ከቺንጊያው በኩል ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የተናጠ የሚመስል ድምፅ ያሰማ ጀመር። ሦስት አራት ሴኮንድ ጮኾ ዝም ይላል። "ብርዱ ነው" እያልኩ አንድ ወር ነዳሁት። ለዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ምርመራው ያን ያህል አያስቸግርም። የውጭውን ቺንጊያ ፈትቼ ለጥቂት ሴኮንድ አስነሳሁት። ድምፁ እንዳለ ነው፤ ስለዚህ ዲናሞውም የውሃ ፓምፑም አይደለም። የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ የታይሚንግ ቼኑ (የሞተሩን የታችኛውን ዘንግ ከላይኞቹ ጋር አያይዞ የሚያዞረው ሰንሰለት) ሽፋን ላይ አሳርፌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ጩኸቱ እዚያው ውስጥ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ፒ 0016 አወጣ፤ የክራንክሻፍቱና (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት የታችኛው ዘንግ) የካምሻፍቱ (ቫልቭ የሚከፍተው የላይኛው ዘንግ) አቀማመጥ አልተገጣጠመም ማለት ነው። ይህን ኮድ የተበላሸ ሴንሰር ወይም የቆሸሸ የቪቪቲ ቫልቭም (የካምሻፍቱን አቀማመጥ በዘይት የሚያስተካክለው) ሊያመጣው ስለሚችል ኮዱን ብቻ አይታችሁ ሞተር አታስፈቱ። እኔ የቫልቩን ክዳን ከፍቼ ቼኑን በጣቴ ስገፋው ልል ሆኖ አገኘሁት፤ ያኔ ነው የቆረጥኩት።

"ቼኑ ተሳበ" ይባላል እንጂ ብረቱ አይለጠጥም። የሚበላው የየመገጣጠሚያው ፒን ነው፤ የእያንዳንዱ ጥቂት ክፍተት ሲደመር ቼኑ ይረዝማል። ቼኑን ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር ደግሞ የሚገፋው በዘይት ግፊት ነው። ሌሊት ዘይቱ ወደ ታች ስለሚወርድ ጠዋት ግፊቱ እስኪመለስ ድረስ ልሉ ቼን ሽፋኑንና መሪዎቹን (ቼኑ የሚንሸራተትባቸውን ሐዲዶች) ይደበድባል። "ቼን እንደ ቺንጊያ አይደለም፣ የዕድሜ ልክ ነው" የሚሏችሁን አትስሙ። ዘይቱ ከቆሸሸ ዕድሜው አጭር ነው። 10,000 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ተብሎ የሚሸጠውን ዘይት እኔ አሁን በ5,000 ነው የምቀይረው፤ በዚህ አቧራ፣ ዳገትና መጨናነቅ ከዚያ በላይ አልተማመንበትም።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ ገዛሁ። ሻጩ "ቼኑን ብቻ ቀይር፣ ሌላው ይሠራል" አለኝ፤ እሺ አላልኩትም። ቴንሽነሩን፣ መሪዎቹንና የፊት ሲሉን አብራችሁ ካልገዛችሁ ሥራውን አትጀምሩት። አሮጌውን ቼን ከአዲሱ ጋር አንድ ሚስማር ላይ ሰቅዬ ሳስተያይ ልዩነቱ በዓይን ይታይ ነበር። በጎኑ አግድም ስይዘው ደግሞ አሮጌው እንደ ቀስት ጎበጠ።

ዘይት ማፍሰሱ፣ የሞተሩን አንድ ወገን በክሪክ መደገፉ፣ ሽፋኑን ማውለቁ አንድ ቀን ፈጀ። የፑሊው ቡሎን ብቻ ነው በረጅም ቧንቧ ያታገለኝ።

ከዚያ አንደኛውን ፒስቶን እስከ ላይኛው ጫፍ አድርሼ የቼኑን ባለቀለም ማያያዣዎች ከየጥርሱ ምልክት ጋር አጋጠምኩ። ቴንሽነሩን ተጭኜ በቀጭን ሽቦ ቆልፌ ገጠምኩና ሽቦውን ሳብኩ። ሁሉም ልክ ነበር። ሁሉም! እንደሚመከረው ክራንክሻፍቱን በእጅ፣ በሰዓት አቅጣጫ፣ ቀስ ብዬ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩት። ሳየው ባለቀለሞቹ ማያያዣዎች ከምልክቱ ርቀው ሄደዋል። ክው አልኩ። ጥርስ ዘለለ ብዬ አመንኩ።

መሽቷል፣ መብራት ጠፍቷል። ልጄ ስልክ እያበራልኝ ሁሉንም እንደገና ፈታሁ። እጄ በዘይት ተለውሷል፣ ብርዱ ጣቴን አደንዝዞታል። ቀለሞቹን እንደገና አጋጠምኩ፤ የታችኛውን፣ የክራንክሻፍቱን፣ ግን አንድ ጥርስ አሳልፌ እንደገጠምኩት አላየሁም። ማዞሩ አሳሳተኝ ብዬ ስላሰብኩ በሁለተኛው ጊዜ ጨርሶ አላዞርኩትም። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

በማግስቱ ሲልከኑ ደርቆ ዘይት ሞልቼ አስነሳሁት። ተነሣ፤ ግን ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሚኒሞ ላይ፣ መላ አካሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት የለውም፣ ኮዱም ተመልሷል። አስጎትቼ ጋራዥ ወሰድኩት። የቼኑን ሽፋን እንኳ ሳይፈቱ "ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) መውረድ አለበት፣ ቫልቭ ተጣሟል" አሉኝ። የሲሊንደሮቹን ግፊት፣ ኮምፕሬሽን፣ ለክታችኋል ወይ ስላቸው መልስ የለም። ለምርመራ አስከፍለውኝ አራት ቀን አቆሙት።

አስጎትቼ መለስኩትና ጎረቤቴን ጠራሁ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው።

"ጋሼ፣ እስኪ ይዩልኝ፤ ቀለሙ አልቆም አለኝ።"

"ቀለሙን ምን አደረግህበት?"

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ ቀለሙ ለመግጠሚያ ነው። ስታዞረው ጥርሱን ነው የምታየው።"

ኖራ በጣታቸው ነክተው የካሞቹ ማርሽና የክራንክሻፍቱ ጥርስ ምልክት ላይ ነጥብ አደረጉልኝ። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ቼኑ ግን የሚራመደው በካሙ ጥርስ ቁጥር ልክ ነው፤ እሱ ራሱ ከዚያ ስለሚረዝም ዙሩን አይጨርስም። ስለዚህ ቀለሙ ሌላ ቦታ መገኘቱ ጤናማ ነው። የማርሾቹ ምልክት ግን ቦታው መመለስ አለበት። ሽፋኑን ፈተን፣ የታችኛውን አንድ ጥርስ መልሰን ሁለት ዙር ስናዞረው ቀለሙ የትም ይሁን የት ኖራዎቹ እየተመለሱ ቦታቸው ቆሙ። በእጄ ሳዞረው የሚይዘኝ ነገርም አልነበረም፤ እንዲያ ቢይዘኝ በጉልበት አላልፈውም፣ ቫልቭ ፒስቶን ይነካልና።

የፑሊውን ቡሎን በ128 ኒውተን ሜትር አጥብቄ፣ ሲልከኑ ሌሊቱን ደርቆ ካደረ በኋላ 3.7 ሊትር ዘይት ከአዲስ ፊልትሮ ጋር ሞላሁ። ኮዱን አጠፋን፤ አልተመለሰም። ቫልቮቹም ደህና ነበሩ፤ አንድም አልተጣመመም።

ጠዋት አመዳዩን ጠርጌ ሳስነሳው ጋሼ በጋቢ ተጠቅልለው አጥሩ ጋ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ሞተሩ ዝም ብሎ ያዘ። "በል ሂድ፣ ሰው ይጠብቅሃል" አሉኝ። ጋራዡ ለምርመራ ብሎ የወሰደውን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኩ፤ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።