ድምፁ እስኪመለስ

ስለዚህ ልጅ ልጽፍ ካሰብኩ ሰነባበትኩ። ስሙን አልጠራም፤ ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ቤጂንግ ውስጥ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ባለ አንድ የባህላዊ ኦፔራ ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪ ነው። ከቻይናውያን አዲስ ዓመት ዕረፍት ሲመለስ ድምፁ ጎርንኖ መጣ። ሌላ ቦታ ቢሆን ጎረመሰ ተብሎ፣ ዘመድ አዝማድ ስቆበት ያልፍ ነበር። እሱ ግን ከእናቱ ተለይቶ የመጣው፣ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳው፣ የጨዋታ ዕድሜውን የሰጠው ለዚያ ድምፅ ነው።

እኔ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ የድምፅ ትምህርቴን የቀጠልኩት እዚህ ነው። አብሮኝ የሚማር አንድ ጓደኛዬ ጂንግሁ ይጫወታል። ጂንግሁ በደጋን የሚጫወቱት ባለሁለት አውታር ትንሽ የቀርከሃ መሣሪያ ነው፤ ድምፁ ስል ሆኖ ዘፋኙን እግር በእግር ይከተላል። ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ሊያጅብ ሲሄድ እኔንም ያስከትለኛል። ጥግ ይዤ እሰማለሁ፤ መምህራኑም ለምደውኛል።

ልጆቹ መጀመሪያ ላይ መሠረቱን አብረው ይሠራሉ፤ እግር መዘርጋት፣ በእጅ መቆም፣ ምንጣፍ ላይ መገለባበጥ። ከዚያ ይከፋፈላሉ። መምህራኑ ፊታቸውንና ቁመታቸውን አይተው፣ ድምፃቸውን ሰምተው፣ አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን የሚይዙትን የገጸ ባሕርይ ዓይነት ይሰጧቸዋል። ሼንግ የወንድ ነው፣ ዳን የሴት፣ ጂንግ ፊቱን ሙሉ በቀለም የሚቀባው ኃያል፣ ቾው ደግሞ አፍንጫው ላይ ነጭ የሚቀባው አስቂኝ። የኔ ልጅ (እንዲህ ብዬ መጥራት ከጀመርኩ ቆየሁ) ላኦሼንግ ነው፤ ጢማም፣ የተከበረ ትልቅ ሰው፤ ሚኒስትር፣ የጦር አለቃ፣ ንጉሥ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ በሽቦ ጆሮው ላይ የሚንጠለጠል ረጅም ጢም አድርጎ፣ መንግሥቱ ስለጠፋበት ንጉሥ ሲያንጎራጉር መጀመሪያ ሳየው አንጀቴን በላው።

ዳንና ወጣት ወንድ ሆነው የሚጫወቱት በፋልሴቶ፣ ማለትም ከተፈጥሮ ድምፃቸው በላይ በቀጠነ ድምፅ፣ ይዘፍናሉ። የድምፅ ለውጥ እነሱንም ይፈትናቸዋል። ላኦሼንግ ግን የሚዘፍነው በተፈጥሮ ድምፁ ስለሆነ መሸሸጊያ የለውም። እዚህ ያሉ ሰዎች ወቅቱን ዳኦጻንግ ይሉታል፤ ቃሉን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንዱ በወራት ይወጣዋል፣ ሌላው ዓመታት ይፈጅበታል፣ ጨርሶ የማይመለስለትም አለ። የትኛው የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ያየሁትን ልጻፍ። ላኦሼንግ የሚያስተምሩት አዛውንት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ተለምነው የተመለሱ። ጓደኛዬ ጂንግሁውን እየቃኘ ሳለ ወደ ልጁ ሳያዩ፣ "እሱ ዛሬ አይዘፍንም" አሉት። ከዚያ ልጁን ጠርተው ከበሮ መቺው አጠገብ አስቀመጡት። በዚህ ኦፔራ ሙዚቀኞቹን የሚመራቸው ከበሮ መቺው ነው፤ በአንድ እጁ ትንሿን ድርቅ ያለች ከበሮ በቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ይመታል፣ በሌላው የእንጨት ማጨብጨቢያ ይይዛል። ተዋናዩ እጁን ሲያነሳ፣ ዓይኑን ሲያዞር፣ አንድ እርምጃ ሲራመድ፣ ያ ሁሉ ከከበሮው ጋር የተሳሰረ ነው።

ለልጁ ዘንግ አልሰጡትም። አዛውንቱ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ "ጻንግ፣ ቺ፣ ታይ፣ ቺ፣ ጻንግ" ማለት ጀመሩ። ጻንግ ትልቁ ጎንግ (እንደ ሳህን ያለ የብረት መሣሪያ) ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ሲመታ ነው፤ ታይ ትንሹ ጎንግ፣ ቺ ደግሞ ሲምባሉ። የምቱ ሥርዓት ሁሉ እንዲህ በአፍ ተይዞ ነው የሚተላለፈው። ልጁ ተቀበላቸው። መሃል ላይ ድምፁ ተሰነጠቀና አንዱ ቺ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሄደ። የሳቀ የለም። አዛውንቱ አላቆሙም፣ አልዘገዩም፤ እሱም ሳይታወቀው አንገቱን ቀና አድርጎ ፍጥነታቸውን ይዞ መሄድ ጀመረ። ለካ ይህ የማይዘፈን ነገር ስለሆነ የተሰበረ ድምፅም ይችለዋል። ማስተማር ማለት ይህ ነው ብዬ በልቤ አጨበጨብኩ።

ቀጥሎ ነጭ ወፍራም ሶል ያለውን ቦቲ አጠለቀ። መምህሩ አንድ ወረቀት አጥፈው በጉልበቶቹ መሃል አስያዙትና አዳራሹን እንዲዞር አዘዙት። ከወገብ በላይ ፍንክች ሳይል፣ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያስጠጋ፣ በትንንሽ እርምጃ ይፈጥናል። ወረቀቱ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሳውና ሳይነገረው ወደ መነሻው ተመለሰ።

ድሮ ቢሆን ምን ይደርስበት እንደነበር አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1904 ቤጂንግ ውስጥ የተከፈተውና እስከ 1948 የቆየው ፉሊያንቼንግ የሚባለው ትምህርት ቤት ልጆችን የሚቀበለው በሰባት ዓመት ውል ነበር። በእነዚያ ዓመታት ልጁ መድረክ ላይ የሚያስገኘው ገንዘብ የትምህርት ቤቱ ነው። የዚያ ዘመን ውሎች ልጁ ታሞ ቢሞት ዕጣው ነው የሚል ቃል ያስፈርሙ ነበር። አንዱ ሲሳሳት ሁሉም ተሰልፈው ይገረፋሉ። ከዚያው ቤት ግን ወደ 700 የሚጠጉ ተዋንያን ወጥተዋል፤ ዝነኛው የዳን ተዋናይ መይ ላንፋንግም በልጅነቱ ከእነሱ ጋር ይጫወት ነበር። ይህን ውጤት ለዱላው የሚሰጡ ሰዎች ዛሬም አሉ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥም ሰምቻቸዋለሁ። አልቀበላቸውም። እነዚያ ልጆች ትኬት ቆርጦ በገባ ሕዝብ ፊት በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጫወቱ ነበር፤ ታላላቆቻቸው ሲሠሩ ከመጋረጃ ጀርባ ቆመው እያዩ አደጉ። ያሳደጋቸው እሱ ነው። ዱላው ስንቱን እንዳስቀረ የመዘገበ የለም።

የቼንግ ያንቺውን ታሪክ ሳነብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። በ1904 የተወለደ፣ ከደኸየ የማንቹ (ከቻይና ብሔረሰቦች አንዱ) ቤተሰብ የወጣ ልጅ ነው። በውል ለአንድ መምህር ተሰጠ፤ የመምህሩን ቤት እያገለገለ የዳን ትወና ተማረ። ድምፁ መለወጥ ሲጀምር መምህሩ ሊያሳርፉት አልፈለጉም፤ ሻንግሃይ ሄዶ እንዲዘፍን ተስማሙበት። ያን ጊዜ ሄዶ ቢሆን ድምፁ ያበቃለት ነበር። ሉዎ ዪንግጎንግ የሚባል ገጣሚ ገንዘብ ከፍሎ በ1917 ውሉን አፈረሰለትና እንዲያርፍ፣ እንዲያነብ፣ የእጅ ጽሕፈት እንዲማር አደረገው። ድምፁ ሲመለስ እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ ጠበብ ያለ፣ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ሆነ። ዋንግ ያዎቺንግ የሚባሉት መምህር ድምፁን ሰምተው በዚያው እንዲገፋበት አበረታቱት፣ ዜማውንም ለዚያ ድምፅ እንዲስማማ አብረውት ሠሩ። ዛሬ የቼንግ ስልት የሚባለው፣ ሐዘንን በክር እንደሚጎትቱት አድርጎ የሚያወጣው አዘፋፈን፣ ከዚያ የመጣ ነው።

ይኸው ሰው በ1930 ቤጂንግ ውስጥ ወንድና ሴት ልጆችን አንድ ላይ የሚያስተምር አዲስ የኦፔራ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ታላላቅ ቤቶች የወንዶች ብቻ ነበሩ። በውል ተሽጦ ድምፁን ሊያጣ የነበረ ልጅ አድጎ ለሌሎች ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍት ማየት የሚያስደስተኝን ያህል የሚያስደስተኝ የታሪክ ነገር ጥቂት ነው። ዋንግ ያዎቺንግም ራሳቸው ጎልማሳ ሳሉ ድምፃቸው ከድቷቸው ወደ ማስተማር ያዘነበሉ ሰው ናቸው። በ1950 የተመሠረተውን የመንግሥት የኦፔራ ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በርዕሰ መምህርነት መርተዋል። ዩ ሹያን በልጅነቱ ቲያንጂን ውስጥ ስመ ጥር ነበር፤ ድምፁ ጠፋ፣ ዓመታት ከመድረክ ራቀ፣ ተመልሶ የላኦሼንግ ሁሉ መለኪያ ሆነ። የሻንግሃዩ ዦው ሺንፋንግ ሻካራነቱ ፈጽሞ አልለቀቀውም፤ በሻካራ ድምፁ የራሱን ስልት መሠረተ።

እነዚህን ስሞች ለልጁ መዘርዘር አልፈልግም። አንተም ታላቅ ትሆናለህ ማለት ለልጅ ሌላ ሸክም ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች ዝነኛ አይሆኑም፤ አንዳንዶቹ ባንዲራ ይዘው የሚቆሙት፣ አራት ሆነው አንድ ሠራዊት የሚወክሉት ይሆናሉ፣ አንዳንዶቹ ሙዚቀኛ፣ አንዳንዶቹ አልባሳት አልባሽ። የኔ ሐሳብ ያለው ጊዜው ላይ ነው። አንድ ትምህርት ቤት የልጁ ድምፅ በተሰበረበት ወቅት ምን ያደርግለታል? ታናሽ ወንድሜ በሰንበት ትምህርት ቤት ከመዘምራኑ ፊት የሚቆም ነበር። ድምፁ ሲጎረንን "ጠብቅ፣ ይመለሳል" ያለው አንድ ሰው አልነበረም። አፈረና ቀረ፤ እስከ ዛሬ ሰው ፊት አይዘምርም።

አዛውንቱን ምሳ ላይ ጠየቅኋቸው። ሾርባቸውን እያማሰሉ የነገሩኝ ይህን ነው። ወደ ትምህርት ቤቱ የገቡት በአሥር ዓመታቸው ነው። በ1966 የባህል አብዮቱ ሲጀመር አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር፣ ድምፃቸውም በዚያው ዓመት ተሰበረ። የተማሯቸው የነገሥታትና የሚኒስትሮች ተውኔቶች በሙሉ ታገዱ፤ መድረክ ላይ የሚፈቀዱት ጥቂት አብዮታዊ ሥራዎች ብቻ ሆኑ። "ድምፄ ሲመለስ የምዘፍነው አልነበረም" አሉኝ። እገዳው እስኪነሳ አሥር ዓመት አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከመምህራቸው የተቀበሉትን ማታ ማታ በልባቸው፣ ጉልበታቸውን እየመቱ ይደግሙት ነበር። ቃላቱን፣ ዜማውን፣ ጻንግና ታዩን ሳይቀር። ልጁን ከበሮው አጠገብ ያስቀመጡት ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

እናትየው በዚህ ሳምንት ከኸበይ ክፍለ ሀገር መጥተው ነበር። ልጃቸውን ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ሊመልሱት ቆርጠው ነው የመጡት፤ ቀለም ትምህርቱ እዚህም ቢሰጥም ድምፁ ካልተመለሰ ዓመታቱ ባከኑ ብለው ይሠጋሉ፣ ሥጋታቸውም እውነት አለው። መምህሩ አልተከራከሯቸውም። "ድምፁን ላረጋግጥልዎ አልችልም። ሁለት ዓመት ይስጡኝ፤ ካልተመለሰ ከበሮ መቺ ሆኖ እንዲወጣ አደርገዋለሁ፣ ጆሮ አለው" አሏቸው። እናትየው ልጃቸውን አስጠርተው ጠየቁት። እሱም በዚያ ጎርናና ድምፁ መቆየት እንደሚፈልግ ተናገረ።

ለመጪው መንፈቅ ዓመት ተመዝግቧል። የከበሮ ትምህርት ተጨምሮለታል፤ የመዝፈኛው ሰዓት አጥሯል፣ ሲዘፍንም ጓደኛዬ ጂንግሁውን ዝቅ አድርጎ ይቃኝለታል። እኔም ከንፈሩን ገጥሞ በቀስታ ማንጎራጎር ቢለማመድ ጉሮሮውን እንደማይጎዳው ለአዛውንቱ ነግሬ ፈቃድ ጠየቅኋቸው። እኔ ራሴ ያደግሁበት ልምምድ ነው። ትንሽ አሰቡና "መጀመሪያ ለእኔ አሳዪኝ" አሉ። አሳየኋቸው፣ ሁለቴ አስደገሙኝ፣ ከዚያ ራሳቸው ሞከሩት። ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ከልጁ ጋር እንጀምራለን።