ቱቦው የማይደርስበት ሽንት ቤት

የሰፈር ፓርኮች ውስጥ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤቶች የምከታተለው እኔ ነኝ። ቦታ እመርጣለሁ፣ ታንከራቸው መቼ እንደተመጠጠ የሚያሳየውን መዝገብ አያለሁ፣ ቅሬታ እቀበላለሁ። ቅሬታው ሁሌም አንድ ነው፦ ሸተተ። ያኔ የመጣውም ይኸው ነው፤ በብዙ ሰው ፊርማ ተደግፎ መምጣቱ ግን አዲስ ነበር። ከፓርኩ በር ፊት ለፊት የሚኖሩ ሰዎች ሽንት ቤቱ ይነሳልን አሉ። ኃላፊያችን ደብዳቤውን አንብበው ሳይጨርሱ ወሰኑ።

«ታች ዛፎቹ ጋ ይውሰዱት። ከዓይን ይራቅ።»

«ሽታው ከቦታው አይደለም የሚመጣው» አልኳቸው። «ሰው የሚበዛው ቅዳሜና እሁድ ነው። የመምጠጫ መኪናው የሚመጣው ሐሙስ። እሁድ የሞላው እስከ ሐሙስ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ቀኑን ወደ ሰኞ እናዙረው።»

«አንቺ ደግሞ ለሽንት ቤት ጠበቃ ቆምሽ?»

ይህች ንግግር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። አዎ፣ ቆሜያለሁ። ሥራዬ ነው።

የተለመደው ስሌት አንድ ሽንት ቤት ለ10 ሠራተኛ፣ በሳምንት ለ40 የሥራ ሰዓት፣ በሳምንት አንዴ እየተመጠጠ የሚል ነው። ለግንባታ ቦታ ይሠራል። ፓርክ ላይ ግን ሰው ተከፋፍሎ አይመጣም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጎርፋል። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ታች ያለው መሬት ተዳፋት እንደሆነ፣ ሲመሽ መብራት እንደሌለው፣ ከሁሉም በላይ የመምጠጫ መኪናው ሣሩ ላይ መግባት ስለማይችል ቱቦው እዚያ እንደማይደርስ ተናገርኩ። በጽሑፍም አስገባሁ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ንጹሕ ውሃንና የመጸዳጃ አገልግሎትን ሰብዓዊ መብት ብሎ መቀበሉንም ጨመርኩበት።

«ይሄ እኮ የሰፈር ፓርክ ነው» አሉኝ።

ተወሰደ።

ትንሽ ቆይቼ ላየው ወረድኩ። በሩ ላይ የተለጠፈው ቅጽ ሙሉ ነው። በየሳምንቱ «ተመጥጧል» ይላል፣ ፊርማ አለው። ክዳኑን ከፍቼ በባትሪ አየሁ። ሽታውን እንዲይዝ ታንከሩ ውስጥ የሚጨመረው ኬሚካል አዲስ ሲገባ ሰማያዊ ነው። ሽንት ሲበዛበት ወደ አረንጓዴ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ሽታውን መያዝ አይችልም። እኔ ያየሁት ከአረንጓዴም አልፎ ጠቁሯል። ዳይፐርና የውሃ ላስቲክ ተጥሎበታል። እንዲህ ያለ ነገር ቱቦ ስለሚዘጋ በየጊዜው መለቀም ነበረበት። ማንም አልነካውም።

ሾፌሩን ጠብቄ ጠየቅኩት። አልዋሸኝም። መኪናውን መንገዱ ዳር አቁሞ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ዘረጋልኝ። ከዛፎቹ ብዙ ርቆ አለቀ።

«እህቴ፣ አይደርስም። ለቢሮ ነግሬያለሁ። ፈርምና እለፍ አሉኝ።»

በእሱ አልተናደድኩም። የተናደድኩት ፈርም ባሉት ሰዎች ነው። እነሱ ጋ ሄጄ የተባባልነውን እዚህ አልደግመውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ውስጤን የነካው ግን የአንዲት እናት ነገር ነው። የልጅ ልጃቸውን እያጫወቱ ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ ምርኩዝ የሚይዙ ናቸው። ታች ያለውን ሽንት ቤት ይጠቀሙበት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እዚያ ቁልቁለት? በምን እግሬ!»

«ታዲያ እንዴት ያደርጋሉ እማማ?»

«ውሃ አልጠጣማ ልጄ። ወደዚህ የምመጣ ቀን ከጠዋት ጀምሬ አልቀምስም።»

እንደ ቀላል ነገር ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ሰው በዕድሜ ሲገፋ ጥማቱን በደንብ አይሰማውም፤ የሰውነት ውሃ ማነስ ቶሎ ይጎዳዋል። እሳቸው ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ለማጫወት ሲሉ በሙቀት ወቅት አስበውበት ይጠማሉ። ይህን የሚያሳይ ቅጽ እኛ ቢሮ የለም። የሸተተው ሰው ይፈርማል። ውሃ መጠጣት የተወው ሰው ዝም ብሎ ይጠማል፣ ወይም መምጣቱን ይተዋል። እኛም ቅሬታ ቀነሰ ብለን እንጽፋለን።

የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እንዲመጡልኝ ለመንኳቸው። መጡ። ለእኔ ያሉኝን እዚያም ደገሙት። ደብዳቤውን ያዘጋጀው ሰውዬ ደነገጠ።

«ምነው እማማ፣ እኛ ቤት ይግቡ እንጂ!»

«በየቀኑ በርህን እያንኳኳሁ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም። ግብዣውም ከልቡ ነበር። ግን አንድ አሮጊት ሽንት ቤት ለመግባት የሰው ፈቃድ መጠየቅ የለባቸውም። የሕዝብ ሽንት ቤት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ኃላፊያችን ወረቀታቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና «እናየዋለን» አሉ።

ሽንት ቤቱ ወደ ፓርኩ በር ተመለሰ። የራሱ በር ከቤቶቹ ፊቱን እንዲያዞር አደረግን። ንፋስ እንዳይጥለው መሬት ላይ በካስማ ተያዘ። መኪናው አሁን ሰኞ ይመጣል፤ ሰው በሚበዛበት ወቅት ዓርብም ይደገማል። ሾፌሩ ከመጠጠ በኋላ የሽንት ቤቱን ታንከር ውስጡን ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ያለ ፎቶ ፊርማ አልቀበልም። ሽታው ፈጽሞ ጠፋ አልልም፤ በጣም ሲሞቅ ዛሬም አለ። ሰውዬውም መልኩ ያስጠላል ይላል። መልኩስ እውነት ነው።

የኃላፊያችን ሪፖርት ግን አሁንም ይቆጨኛል። ወደ ታች ሲወሰድ «በነዋሪዎች ጥያቄ መሠረት ቦታው ተስተካክሏል» ብለው ነበር የጻፉት። ሲመለስም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ስለ መኪናው ቀንም፣ ስለ ሐሰተኛው ፊርማም፣ ስለ እማማም አንድ ቃል የለበትም።

አሁን የምጠይቀው በሩ ሰፊ፣ ወለሉ ከመሬት እኩል የሆነውን ዓይነት ነው። ዊልቸር ያስገባል፣ ለምርኩዝም ይመቻል። አሁን ያለው ሽንት ቤት ደረጃ ስላለው እማማ አሁንም ሰው ካልደገፋቸው አይገቡም።

«ቅሬታ ያቀረበ አለ?» አሉኝ ኃላፊያችን።

ቅጹን ይዤ እማማ ጋ ሄድኩ። እያነበብኩላቸው ነገሩኝ፣ ጻፍኩት፣ ፈረሙ። ሰኞ ጠዋት ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ ይሆናል።