ሰባት ኢንች ሸክላ፣ ዘጠኝ ኢንች ክንድ፦ የአራት ወር ማስታወሻ

የአጎቴ ሸክላዎች ከአገር ቤት እኔ ዘንድ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገቡ አራት ወር ሆናቸው። ሰባ ሦስት ናቸው። ሦስቱ ትልልቅ አልበሞች ሲሆኑ የቀሩት ሰባው ባለ ሰባት ኢንች፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ፣ በየገጻቸው አንድ አንድ ዘፈን የያዙ ናቸው። በሻንጣ ውስጥ በፎጣና በጋቢ ተጠቅልለው መጡ፤ አንዱም አልተሰበረም። "ለእነዚህማ ደህና ማጫወቻ ይገባቸዋል" ብዬ ተነሳሁ፤ ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ግን ሰው ቤት እየዞርኩ ማዳመጥ ያዝኩ። የደረስኩበትን ከነስህተቴ ላካፍላችሁ።

ስለ ውድ ማጫወቻ የሚጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል 12 ኢንች አልበምን እያሰበ የተጻፈ ነው። የኛ የሸክላ ዘመን ደግሞ በአብዛኛው የትንንሾቹ ዘመን ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ከጀመሩ አንስቶ ካሴት ገበያውን እስኪወስደው ድረስ ያለው ጊዜ አስር ዓመት ቢሆን ነው። እሳቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ባለ 45 ሲያወጡ አልበሞቹ ግን ደርዘን ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ የትኛውንም ግምገማ ሳነብ "ለባለ 45 ምን ይረባኛል?" ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ይህን ለመረዳት ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ኅዳር ላይ መጀመሪያ ያዳመጥኩት አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ቤት ነው። ማጫወቻቸው ሊን ሶንዴክ ኤልፒ12 ነው፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው አካባቢ የሚሠራው። ሸክላው የሚቀመጥበት ፕላተርና መርፌውን የሚሸከመው ክንድ አንድ ላይ ሦስት ሞላዎች ላይ ያርፋሉ። ሞተሩ ለብቻው ሆኖ በጎማ ቺንጋ ያዞራቸዋል፤ የሞተሩ ንዝረት መርፌው ዘንድ እንዳይደርስ ነው። ከሦስቱ አልበሞች አንዱን አስቀመጥን። ቤዝ ጊታሩ እየተራመደ ሲመጣ የእያንዳንዱ ምት መነሻና ማብቂያ ተለይቶ ይሰማል። አንዱ ገጽ እስኪያልቅ ከወንበሬ አልተነቃነቅኩም።

ከዚያ ባለ 45 አወጣሁ። ሰውየው ሳቁ። የሳቸው ከድሮዎቹ ስለሆነ የሚዞረው በአልበም ፍጥነት፣ በደቂቃ 33 ብቻ ነው! ለ45 ፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት የሞተሩ ጎማ) ላይ የምትጠለቅ ትንሽ ቀለበት አለች፤ መሳቢያውን ሁሉ ገለባብጠው አጧት። በአዝራር ፍጥነት የሚቀይሩ የኃይል ሳጥኖች ኋላ ላይ መጥተዋል፤ እሳቸው ግን ለመግዛት ምክንያት አልነበራቸውም። እኔም ከሰባ ሦስት ሸክላ ሰባውን እንደታቀፍኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሁለተኛው የጓደኛዬ ሬጋ ፕላናር 3 ነው። የእንግሊዞቹ አስተሳሰብ የሊን ተቃራኒ ነው፦ ሞላ የለም፣ ክብደት የለም፤ ሰውነቱ ቀላልና ግትር ነው። የሬጋ ክንድ ዝናው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1983 አርቢ300 የተባለውን፣ ቱቦው በአንድ ወጥ የአሉሚኒየም ቅልጥ የተሠራውን ክንድ ሲያወጡ ነው። ከ33 ወደ 45 ለመሄድ የመስታወቱን ፕላተር አንስተህ ቺንጋውን ወደ ሌላኛው የፑሌጃ እርከን ታሸጋግራለህ። ሌሊቱን ሙሉ 45 ብቻ ከሆነ አንዴ ነው፤ አልበም ስትቀላቅል ግን ይሰለቻል። ለእኔ የከበደኝ ሌላ ነው፤ የክንዱ ራስ አይፈታም። ካርትሪጅ (መርፌውን ይዞ ክንዱ ራስ ላይ የሚገጠመው ክፍል) መቀየር ማለት አራት የፀጉር ያህል የቀጠኑ ሽቦዎችን እየነቀሉ እንደገና መሰካት ነው። የኔ እጅ ለዚያ አልተፈጠረም።

ሦስተኛው ድሮ የሐበሻ ሠርግ ላይ ሙዚቃ ያጫውት የነበረ ወዳጄ ቤት ያለው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200ጂ ነው። የመጀመሪያው 1200 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ በ2010 ማምረቱ ቆሞ በ2016 ተመልሷል። ቺንጋ የለውም፤ ፕላተሩ ራሱ የሞተሩ አካል ነው። አዝራሩን ስትጫን ገና ዓይንህን ሳታርገበግብ 45 ይደርሳል። "ይሄ ነው!" አልኩ ወዲያው። ከሊኑም ከሬጋውም በለጠብኝ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ሦስቱም ማጫወቻዎች ላይ ያሉት ካርትሪጆች የተለያዩ ነበሩ። የቴክኒክሱ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ ከሬጋው ጋር ባለ 1000 ሄርዝ የሙከራ ሸክላ አስቀምጬ ስለካው ወደ 2 ዴሲቤል ልዩነት አገኘሁ። ጆሮ ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁልጊዜ "ጥሩ" ይለዋል። አንዱን ካርትሪጅ በሁለቱም ላይ እየገጠምኩ፣ ድምፁን አስተካክዬ ስደግመው ልዩነቱ ጠበበ። አልበም ላይ እንዲያውም ልቤ ወደ ሊኑ ያደላል። ግን በአልበም አይደለም የምኖረው።

ታኅሣሥን ሙሉ የበላኝ የክንድ ነገር ነው። ሸክላው ሲቆረጥ መቁረጫው ከዳር ወደ መሀል ቀጥ ብሎ ነው የሚጓዘው። የኛ ክንድ ግን አንድ ጫፉ ላይ ተተክሎ ስለሚዞር መርፌውን በቅስት ይወስደዋል። መርፌው ድምፁ ከተቀረጸበት መስመር ጋር ፍጹም የሚገጥመው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ትንሽ ጠማማ ነው። ሁለቱ ቦታዎች የት ይሁኑ የሚለው የአቀማመጥ ምርጫ ነው። በብዛት የሚሠራበት የቤርቫልድ አቀማመጥ ከመሀል በ66 እና በ121 ሚሊ ሜትር ላይ ያደርጋቸዋል፤ የስቲቨንሰን ደግሞ በ60 እና በ117።

አሁን ማስመሪያ አንስታችሁ ባለ ሰባት ኢንቹን ለኩ። ከመሀል እስከ ዳሩ 87 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሁለቱ ቦታዎች አንደኛው በየትኛውም አቀማመጥ ከሸክላው ውጭ አየር ላይ ነው! አንድ ብቻ ይቀርልናል። ዘፈኑ ደግሞ እስከ 54 ሚሊ ሜትር ድረስ ሊገባ ይችላል፤ ያ ማለት ሳክስፎኑም ድራሙም ተባብረው የሚጮኹበት መዝጊያ መርፌው ከቤርቫልድ ቦታ ርቆ፣ መስመሩም ጠብቦ ባለበት ነው የሚወድቀው። በስቲቨንሰን መነሻው ላይ ትንሽ ይከፋል፤ እዚያ ግን ሸክላው ከመርፌው ስር በፍጥነት ስለሚያልፍ ጥፋቱ አይጎላም። ቀየርኩት። "ሰ" እና "ሸ" ላይ የነበረው ፉጨት መዝጊያው አካባቢ ግልጽ ሆኖ ቀነሰ። ለዚህ ያወጣሁት የአቀማመጥ መለኪያ የታተመበት አንድ ወረቀት ነው። ቴክኒክስና ሬጋ በፋብሪካ የሚያዙት አቀማመጥም ወደ ስቲቨንሰን የቀረበ ነው፤ እኔ ነበርኩ "ላሻሽል" ብዬ ያበላሸሁት።

ወረቀቱን ራሳችሁ የምታትሙ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። የኔ ማተሚያ ገጹ ውስጥ እንዲገባ ብሎ በ3 በመቶ አሳንሶት ኖሮ አንድ ሳምንት ሙሉ በተሳሳተ ልክ ሳስተካክል ከረምኩ። መጀመሪያ በማስመሪያ አረጋግጡ።

ከተለመደው ዘጠኝ ኢንች የሚረዝመው ባለ 12 ኢንች ክንድስ? ቅስቱ ሰፋ ስለሚል ስህተቱ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ይከብዳል፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ሌላ ነው። አለፍኩት።

ከክንዱ ጋር የሚሄደው ሌላው ሒሳብ የክብደትና የመርፌው መለጠጥ ነው። የክንዱን ውጤታዊ ክብደት (መርፌው ሲያንቀሳቅሰው የሚሰማውን)፣ የካርትሪጁንና የቡሎኖቹን ክብደት ደምሩ፤ በካርትሪጁ የመለጠጥ ቁጥር አባዙ፤ ካሬ ሥሩን አውጥታችሁ 159ን አካፍሉለት። ውጤቱ ክንዱና ካርትሪጁ አብረው የሚርገበገቡበት ፍጥነት ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሄርዝ ቢሆን ጥሩ ነው። ለምሳሌ ክንዱ 12 ግራም፣ ካርትሪጁ ኦርቶፎን 2ኤም ብሉ 7.2 ግራም፣ ቡሎኖቹ 1 ግራም ቢሆኑ 20 ገደማ ነው፤ መለጠጡም 20 ስለሆነ 400 ይመጣል፤ ሥሩ 20፤ 159 ለ20 ሲካፈል 8። ደፉ ላይ ነው። ከዚህ ከወረደ የተጣመመ ሸክላ ላይ ክንዱ እንደ ጀልባ ይዋዥቃል።

ጥር ላይ የመርፌ ቅርጽ ጉዳይ መጣ። የአጎቴ ሸክላዎች በከባድ መርፌ ስንት ጊዜ እንደተጫወቱ እግዜር ይወቀው። ሁለት ሄድሼል (ካርትሪጅ የሚገጠምበት፣ ከክንዱ የሚፈታ ራስ) አዘጋጀሁ፦ አንዱ ላይ ዴኖን ዲኤል-103፣ ጫፉ ድብልብል የሆነ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚሠራ፣ 2.5 ግራም የሚጫን፤ ሌላው ላይ ኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም540ኤምኤል፣ ጫፉ ቀጭንና ስል የሆነ። ስሉ መርፌ የድሮው ያልነካውን የመስመሩን ክፍል ስለሚያገኝ አንዳንዱን ሸክላ እንደ አዲስ ያደርገዋል። ሌላው ላይ ግን የእያንዳንዱን ጭረት ወሬ ያመጣል፤ እዚያ ድብልብሉ ይሻላል። በየፖስታው ጥግ በእርሳስ "ድ" ወይም "ስ" እየጻፍኩ ለየኋቸው፤ አርባ አንዱ "ድ" ሆኑ። ራሱ የሚፈታ ክንድ ባይኖር ይህን አላደርገውም ነበር፤ ቴክኒክሱን የመረጥኩትም በዋናነት ለዚህ ነው። 1200ጂውን ሳይሆን ያገለገለ የድሮ 1200 ማርክ 2 ገዛሁ። (ዴኖኑ ድምፁ ዝቅተኛ ስለሆነ ለኤምሲ (እንደሱ ደካማ ድምፅ ለሚያወጡ ካርትሪጆች) የሚሆን ፎኖ ማጉያ፣ ማለትም የሸክላ ድምፅ ማጉያ ይፈልጋል፤ ወጪውን አስቡበት።)

ማንም ማጫወቻ የማያድነው አንድ በሽታ አለ፤ ቀዳዳው ከመሀል የተዛነፈ ሸክላ። የ1200ጂ የፍጥነት መዋዠቅ 0.025 በመቶ ነው ይባላል። ቀዳዳው በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ግን 60 ሚሊ ሜትር ላይ ወደ 0.8 በመቶ ግራ ቀኝ ይዋዥቃል፤ ሠላሳ እጥፍ ነው። ዘፋኙ በራሱ ድምፅ እያንቀጠቀጠ ሲያንጎራጉር አይታወቅም፤ ኦርጋኑ አንድ ድምፅ ይዞ ሲቆይ ግን ያቅለሸልሻል። ናካሚቺ በ1980ዎቹ መሀሉን ራሱ ፈልጎ የሚያስተካክል ማጫወቻ ሠርቶ ነበር፤ ዋጋውን አትጠይቁ። የኛ ትልቅ ቀዳዳ ያላቸው 45ዎች መድኃኒታቸው ቀላል ነው። መሀል የሚገባውን አስማሚ ዙሪያውን በአሸዋ ወረቀት ትንሽ አሳንሱት። ሸክላው እየዞረ ክንዱን ከጎን ተመልከቱ፤ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ መርፌውን አንስታችሁ ሸክላውን በጣት ትንሽ ገፋ አድርጉና ድገሙት። በሦስተኛው ሙከራ ክንዱ ጸጥ ይላል።

የካቲት የአጎቴ ወር ነው። የሚወዷቸውን አምስት ሸክላዎች አስቀርተው ስለነበር አንድ ያረጀ ባለ ቺንጋ ማጫወቻ ከትራንስፎርመር ጋር በሰው ላክሁላቸው። በማግስቱ ደወሉ፦ "አንተ፣ ሰውየውን ጉንፋን ይዞታል እንዴ?" ድምፁ ጎርንኖባቸዋል። ትራንስፎርመሩ 220ውን ወደ 120 ቮልት ያወርዳል እንጂ 50 ሄርዙን 60 አያደርገውም፤ እንዲህ ያለው ሞተር ደግሞ የሚዞረው በሄርዙ፣ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ በሚመላለስበት ልክ ነው። 45ቱ 37 ተኩል ሆኗል፤ ዘፈኑ በሦስት ግማሽ-ድምፆች (ሴሚቶን) ወርዷል። ፍጥነቱን በኳርትዝ ክሪስታል የሚቆጣጠረው ቴክኒክስ ይህ አያገኘውም። አሜሪካ የተገዛ ባለ ቺንጋ አገር ቤት ልትልኩ ያሰባችሁ፣ ሞተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

አጎቴ መፍትሔ አላጡም። ፑሌጃውን ፈትተው መርካቶ ቶርኖ ቤት ወሰዱና 1.2 እጥፍ የሚወፍር ሌላ አስጠረቡ። ሒሳቡን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ የቺንጋውን ውፍረት መጨመር ረሳሁ። ሸክላው ላይ የወረቀት ምልክት ለጥፈው ሰዓት ይዘው ቢቆጥሩ 44 ተኩል እንኳ አልሞላም። "ትንሽ ይጎትታል እንጂ ጉንፋኑስ ለቆታል" አሉኝ። ትክክለኛውን ልክ ትናንት ልኬላቸዋለሁ፤ ሰኞ ቶርኖ ቤቱ ይመለሳሉ።